መድረሻ የሌለው ቀስት

ሰውየው መልከ ጥፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። ግን አይደለም። ቁመቱ መለሎ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ አሁን ከካውያ የወጣ ይመስላል፣ ሲናገር ደግሞ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ከመጣበት ቀን ጀምሮ በልቤ «ዘንካታው» አልኩት። በአፌ ግን እንደ ማንኛውም የሥራ ባልደረባ «ደኅና አደርክ?» እለዋለሁ። ደኅና ማደሩ አያሳስበኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ደኅና መዋሉ ነው፤ ምክንያቱም የሚውለው ከሚስቴ ጋር ነው።

ክፉ እንዳታስቡ። የሚውሉት ሥራ ላይ ነው፣ እኔም እዚያው ነኝ፣ ከመስታወቱ ወዲህ። ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበታቻችን ልብስ ስፌት ቤት ስላለ የስፌት መኪኖቹ በተነሱ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ከቢሮው ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች፣ ውስጧ አንድ ነጭ ሰሌዳ። ያ ሰሌዳ ዘንካታው እስኪመጣ ድረስ የእኔና የሚስቴ ነበር። አሁን እኔ ብርጭቆዬን ይዤ አያቸዋለሁ።

የምንሠራው ለሒሳብ ሰዎች የሚሆን ፕሮግራም ነው። ካታጎሪ ቲዎሪ የሚባል የሒሳብ ዘርፍ አለ፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ነገሩ ከምን እንደተሠራ ተወው፣ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚኬድ ብቻ እይ ይላል። መንገዶቹን ቀስት ይሏቸዋል። አንዱ ቀስት ከደረሰበት ሌላው ከተነሳ ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። የሒሳብ መምህር ነገሮቿንና ቀስቶቿን ለፕሮግራማችን ትሰጠዋለች፤ እሱ ያገናኝላታል፣ ይመረምርላታል፣ ልክ ነሽ ወይም አይደለሽም ይላታል።

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ናት፣ እኔ ኮድ ጸሐፊ። የተዋወቅነው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ዝናብ ነበር፣ መስኮቱ ላብ ይዞታል። ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት መስኮቱ ላይ በጣቷ ሁለት ነጥብ አድርጋ በመካከላቸው አንድ ቀስት ሳበች።

«ይኸው» አለችኝ።

«በቃ? ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉሻል?»

ሳቀች። ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር ነው የሳቀችው። እኔ በዚያ ሳቅ ተያዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የፕሮግራሙ መሠረት የሆነውን፣ ቀስት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ፋይል በተጋባን ሰሞን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው። ቀስቱ ከየት እንደሚነሳ ይጽፋል፣ እያንዳንዱ ነገር የት እንደሚያርፍ ይጽፋል፣ ያልቃል። ለመድረሻው ለብቻው ቦታ አልሰጠሁትም። የሚያርፍበት ከታወቀ መድረሻው ታወቀ አይደል? ባለቤቴ ግን በምትጽፋቸው ክፍሎች ሁሉ መድረሻውን በእጇ ትጨምርበታለች። «ምን ያደክምሻል?» ስላት «ልማድ ነው» ትለኛለች። የሒሳብ ሰዎች ጣጣ ብዬ ተውኳት።

እንዲህ ሆነን በሰላም ስንኖር ዘንካታው መጣ። ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ሰውየው ሒሳቡንም ኮዱንም ያውቃል። ሁለቱንም! እሷ የምትናገረው ገና ሳያልቅ እሱ ጽፎታል። መካከል ላይ የነበርኩት ሰው፣ አስተርጓሚው፣ ሥራ ፈታሁ። ይባስ ብሎ «ጋሼ» ይለኛል። በዕድሜ ብበልጠው በጥቂት ዓመት ነው። «ጋሼ፣ ቡና ላምጣልህ?» ሲለኝ ሚስቴ ፊት ሽበቴን ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ይመስለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት በመስታወቱ በኩል ሳያቸው እሱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እሷ ክንዷን አጣጥፋ ታያለች። ከዚያ ማርከሩን ከእጁ ቀማችው። ጠይቃ አይደለም፣ ቀምታ ነው። ሴት ማርከር የምትቀማው ከማን ነው? ከወንድሟ፣ ከልጇ፣ ከባሏ! እሱ የሳለውን ቀስት አጥፍታ በሌላ በኩል ሳለችው፣ እሱ አንድ ነገር አላት፣ እሷ ሳቀች። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ ግን ሳቁን በትከሻዋ አወቅሁት። የአውቶቡሱ ሳቅ ነው። ከሥር መኪኖቹ ተነሱ፣ ብርጭቆዬ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት።

እሑድ አማቴ መጡ። ሶፋው ላይ ተደላድለው ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች ሲያዩ ቆይተው፣ እሷ ወደ ማድቤት ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እሷ ሰሞኑን ፊቷ በርቷል። ምን አድርገህላት ነው?»

«ኧረ ምንም አላደረግሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ያንን ምንም የምትለውን ነገር ጨምርበት። እኔም ሳላረጅ የልጅ ልጅ ልይ።»

እሳቸው በራሳቸው ቀልድ ሲስቁ እኔ ፊቴ ጠቆረ። በርቷል አሉ! እኔም አይቼዋለሁ እኮ፤ ማን እንዳበራው ነው የሚያንገበግበኝ።

በቢሯችን አንድ ደንብ አለ። ማንም ሰው የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው አይቶ «ይግባ» ካላለው በቀር ወደ ዋናው ኮድ አይገባም። የመሠረቱ ፋይል ጠባቂ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዘንካታው ያንን ፋይል የሚነካ ማሻሻያ ሲልክ የመጣው እኔ ዘንድ ነው። የእኔን ፋይል! በተጋባን ሰሞን የጻፍኩትን! ምን እንደሚለውጥ አላነበብኩም። ማን እንደጻፈው ማየቴ በቂ ነበር።

«ይህ ስም ረዝሟል፣ ይጠር» ብዬ መለስኩለት። አሳጥሮ ላከ። «እዚህ ጋ ክፍተት ይጎድላል።» ጨመረ። «አሁን ደግሞ ክፍተቱ በዛ።» ቀነሰ። ሌላ ሰው ቢሆን መጥቶ ያንቀኝ ነበር። እሱ ግን በእያንዳንዱ መልሱ ሥር «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ዓይንህ ጥሩ ነው» እያለ ይጽፍልኛል። ትሕትናው ራሱ ስድብ ሆነብኝ። ባለጌ ቢሆን ምን ነበረበት?

ማታ እራት ላይ ባለቤቴ ዳቦውን እየቆረሰች ጠየቀችኝ።

«የሱን ማሻሻያ አየኸው?»

«እያየሁት ነው።»

«ቆየ እኮ። ፕሮግራሙን ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ሳይደርሱ ቢገባ ጥሩ ነው፣ መሠረታዊ ነገር ነው።»

«መሠረታዊ ስለሆነ ነው ቀስ ብዬ የማየው።»

ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈት አድርጋ አንድ ነገር ልትል ነበር፤ መልሳ ዘጋችውና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ጠበቃ ቆመችለት ማለት ነው። ገበታዬ ላይ፣ በገዛ ቤቴ።

እንግዶቹ የመጡት ከአንድ ኮሌጅ የሒሳብ ክፍል ነው። ፕሮግራማችንን ከወደዱት በሚቀጥለው ዓመት ሊያስተምሩበት ነው፤ አለቃችን በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ካጡ ሰነባብተዋል። የመሠረቱ ባለቤት እኔ ስለሆንኩ የማሳየው እኔ ነኝ። ሚስቴ ከፊት፣ ዘንካታው ከኋላ ተቀምጠዋል። ጥሩ ጀመርኩ፣ አንድ ሁለት ቀልድም ጣል አደረግሁ፣ ሚስቴ ፈገግ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ፈገግታ ወደ ኋላ ዞሬ ለዘንካታው ላሳየው ምንም አልቀረኝም።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽራቸውን ጸጉራቸው ላይ የሰቀሉ መምህርት፣ ብድግ አሉ።

«ይቅርታ፣ የራሴን ምሳሌ ልሞክር?»

«ይሞክሩ እንጂ።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ትንሽ ብድግ ስትል በዓይኔ ጥግ አየኋት። መምህርቷ ኮምፒውተሩ ጋ መጥተው በሁለት ጣታቸው ጻፉ። ሦስት ተማሪ አለ። አምስት ወንበር አለ። ከተማሪዎቹ ወደ ወንበሮቹ የሚሄድ ቀስት አለ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ፕሮግራሙን ጠየቁት። ይህ ቀስት መድረሻውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል?

ፕሮግራሙ «አዎ» አላቸው።

መነጽራቸውን ከጸጉራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «እንዴት አዎ? ሁለት ወንበር ባዶ ነው እኮ።» እንደገና ጠየቁት። የዚህ ቀስት መድረሻ ምንድን ነው? ፕሮግራሙም ሳያፍር «ሦስት ወንበር» ብሎ በፕሮጀክተሩ ግድግዳ የሚያህል አድርጎ ጻፈው።

«ሁለቱ ወንበር የት ሄደ?» አሉ መምህርቷ።

«ቢሮው ሌባ ገብቶበታል» አለ ከጓደኞቻቸው አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ ውሃ ሆንኩ። ቆሜ ሳለሁ ገባኝ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ቆሞ መረዳት ለጠላት አይስጥ። ቀስቱ ያነጣጠረው አምስቱም ወንበሮች ላይ ነው፤ ያረፈው ሦስቱ ላይ ብቻ ነው። የእኔ ፋይል ደግሞ የሚያውቀው ያረፈበትን ብቻ ነው። ያልተነካ ነገር ሁሉ ለእሱ የለም። ስለዚህ የትኛውንም ቀስት «መድረሻህን ሸፍነሃል?» ብትለው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። እስከዛሬ ያላጋለጠኝ ሚስቴ በጻፈቻቸው ክፍሎች ውስጥ መድረሻው በእጅ ስለተጨመረ ነው፤ መምህርቷ ግን እነሱን አልፈው በቀጥታ መሠረቱን ጠየቁት።

አለቃችን ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ያኔ ከኋላ ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰውዬ ተነሳ።

«ይህ የምናውቀው ስህተት ነው» አለ። «ማሻሻያው ተሠርቶ አልቋል፤ ወደ ዋናው ኮድ እንዳይገባ ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ላሳያችሁ?»

አሳያቸው። ያው ተማሪ፣ ያው ወንበር። ፕሮግራሙ «አይሸፍንም» አለ። መድረሻውን ሲጠይቁት «አምስት ወንበር» አለ። መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የቀለደው ሰውዬም ማስታወሻ ያዘ። ዘንካታው የእኔን ጥፋት በራሱ ላይ ሲጭን አንዴም ወደ እኔ አላየም። ልጠላው ብዬ ምክንያት ስፈልግ እንኳ ደግ ሆኖ ቀደመኝ። በደግነቱም ቀናሁበት፣ ምን ልበላችሁ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። አላቆመም፤ ሐቀኛ ነው አሉ።

«ስህተቱን ያገኘሁት ግን እኔ አይደለሁም» ብሎ በእጁ ወደ ሚስቴ ጠቆመ። «እሷ ናት፣ ከድሮም ታውቀው ነበር። እኔ እዚህ በገባሁ ሰሞን ነው የነገረችኝ።»

እንግዶቹ ወደ እሷ ዞረው ፈገግ አሉ። እሷ ፈገግ አላለችም፤ ወደ እኔ ነው ያየችው።

እንግዶቹ ተሸኝተው ቢሮው ሲረግብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የዘንካታውን ማሻሻያ ከፈትኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ያምራል። ከእኔው ፋይል ላይ የሚያምረውን ሁሉ ሳይነካ ትቶ፣ ቀስት ሲፈጠር መድረሻውን እንዲናገር ብቻ አድርጓል። እኔ ብሠራው እንደዚያ አልሠራውም ነበር፤ ይህን ማወቅ ደግሞ ለብቻው ይፋጃል። «ይግባ» የሚለውን ተጫንኩና ተነስቼ ወደ መስታወቱ ክፍል ሄድኩ።

ሚስቴ ሰሌዳውን በዳስተር ትጠርጋለች። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ስንት ነገር ልጠይቃት አስቤ ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነበር፦

«ዘንካታውን ትወጂዋለሽ?»

«ማንን?»

ምላሴን ነከስኩ። «እሱን።»

«ዘንካታው?» አለች። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። «እንደዚያ ነው የምትጠራው? እሱ እኮ ከኔ ይልቅ አንተን ነው የሚፈራው!» ሳቋ እንዳመጣጡ ሄደ። ፊቷን ሳይ የደከማት ሴት ናት። «አልወደውም። ደስ ግን ይለኛል። ከሱ ጋር ስሠራ ደስ ይለኛል፣ ያንን አልዋሽህም።»

«ለሱ ነገርሽው። ለኔ አልነገርሽኝም።»

«አዎ።»

«ስንት ዓመት መድረሻውን በእጅሽ ስትጽፊ፣ ልማድ ነው ስትይኝ!»

«ነግሬህ ነበር እኮ። አንዴ። ገና ድሮ፣ ‹መድረሻውም ቢጻፍስ?› አልኩህ። ሳምንቱን ሙሉ አኩርፈህ አላናገርከኝም።»

«አሞኝ ነበር።»

«አላመመህም።»

አሞኝ እንዳልነበር እኔም አውቃለሁ።

«ሌላ ሰው እንዲቀጠር አለቃችንን የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አለች፤ ዳስተሩን በሁለት እጇ ይዛለች። «ሌላ ሰው ቢያገኘው፣ ሌላ ሰው ቢነግርህ ብዬ። ካንተ ጋር ሳልጣላ ፋይሉ ይቃናል ብዬ። ለሱ ስነግረው ምን አለኝ መሰለህ? ‹እሺ› አለኝ። በቃ፣ ‹እሺ›። እዚያው ቁጭ ብዬ ላለቅስ ነበር።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የቀናሁት በሰሌዳው ነበር፣ በማርከሩ፣ በአውቶቡሱ ሳቅ። ለካ እነዚያ ምንም አልነበሩም። ሰውየው የወሰደብኝ የኔን ስህተት ነው። ሚስቴ ስለ እኔ የምታውቀውን እውነት ለእኔ ሳይሆን ለሱ አዋየችው፣ እሱም ሳይከራከር ተቀብሎ «እሺ» አላት። እንደዚያን ቀን ቅናት በልቶኝ አያውቅም። ሳማት ብትሉኝ እንደዚያ አይቆጨኝም ነበር።

«ንገሪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ለሱ እንደነገርሽው። ለኔም ንገሪኝ።»

«አሁን ምን ያደርግልሃል? በራስህ ዓይን አይተኸዋል።»

«ካንቺ አልሰማሁትም።»

ዳስተሩን አስቀመጠችው። ረጅም ጊዜ ፊቴን አጠናችው፤ ሰው ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ውሃውን እንደሚያየው።

«ተሳስተሃል» አለች።

ፊቴ ሊጠቁር ሲሞክር ተሰማኝ፤ በግድ ያዝኩት። «እሺ» አልኩ። ይህችን ቃል ለማውጣት ያን ያህል ትንፋሽ ይፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እስካኮርፍ ጥቂት ጠበቀች። ሳላኮርፍ ስቀር ግን አላቆመችም።

«ስሙ ረዘመ፣ ክፍተት ጎደለ እያልክ ሰው ማጉላላትህም አሳፋሪ ነበር።»

«እሺ።»

«እናቴ ስትመጣ ፊትህን ታጠቁራለህ። ቀልዷ ስለሚያስቅህ ነው የሚያናድድህ።»

«እሺ። ይኸው ነው?»

«መቼ ጀመርኩና!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጅ እንውለድ ስልህ ‹ይህ የፕሮግራሙ ቨርዥን ይውጣ› ትለኛለህ። ሌላውም ወጣ፣ ሌላውም ወጣ። እኔ አንተ ከፍቶህ እንዳታኮርፍ ብዬ እሺ እላለሁ። መፈለጌን የተውኩ ይመስልሃል። ስላልጠየቅሁህ ያለቀ ይመስልሃል። አላለቀም። አንድም ቀን አላለቀም።»

እዚህ ላይ «እሺ» አልመጣልኝም።

መስታወቱ ተንኳኳ። ዘንካታው ነው፤ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ ልግባ ወይስ ልመለስ ብሎ በዓይኑ ይጠይቃል። ባለቤቴ አልዞረችም። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ እጇን ከጀርባዋ ወደ መስታወቱ ከፍ አድርጋ «ቆይ» አለችው። ቆየ። ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ የቀረው እሱ ሆነ፣ ከውስጥ ያለሁት እኔ። ስንት ቀን የተመኘሁት ነገር ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ለሚስቴ የምመልስላት ቃል እፈልግ ነበር።